የሳንቃው ማኅበር

ቅዳሜ ጥቅምት 11፣ ከጧቱ 12፡30

ሳንቃው በማዳበሪያ ጆንያ ተጠቅልሎ በር ላይ ቆሟል። ገመዱ በቦርሳ። ስንቅ የሰብለ ተራ ነው፤ እንግዲህ ያረረ ቂጣ ልንበላ ነው። የሚኒባሱ ሾፌር እንደ ልማዱ የማንን ሬሳ ሣጥን ክዳን ነው የተሸከምሽው ይለኛል። ከዚያ እስከ ወረታ በራሱ ቀልድ ይስቃል።

ደብተሬ፣ ታሪኩን ታውቂዋለሽ፤ ግን ስነግርሽ ደስ ስለሚለኝ ልድገመው። ዓረብ አገር የእመቤቴ ልጆች ዓርብ ዓርብ ባሕር ላይ በጀልባ እየተጎተቱ ሳንቃ ይጋልባሉ። እኔ አራት ዓመት ፎጣ ይዤ ጀልባው ውስጥ። አንድ ቀን ትልቋ ልጅ ገመዱን ሰጠችኝ። ቆምኩ። በአራት ዓመት ውስጥ ሰው የሆንኩባት ደቂቃ እሷ ናት። ደ/ታቦር ስመለስ አናጢ ቤት ሄጄ ኮምፔንሳቶ አስጎበጥኩ፣ እግር ማስገቢያውን በጎማ ላስቲክ አሠራሁ። ከተማው ሳቀ። ይሳቅ።

አሁን አራት ነን። ማኅበር እንለዋለን፤ ስንቅ በየተራ ነዋ። እኔ፤ ከእኔ ጋር በአንድ አውሮፕላን የተመለሰችው ሰብለ፤ ጣና ዳር ተወልዶ ፊደል ሳይቆጥር ዋና የቻለው ዲ/ን ይበልጣል፤ የጀልባው ባለቤት ጋሽ ይማም። ሕጋችን አንድ ነው፣ ከዚያው ያመጣሁት፤ ጋሽ ይማም ፊት ፊቱን ሲነዳ አንድ ሰው ወደ ኋላ ዞሮ ይቀመጣል። ጠባቂ ነው። ጋላቢው ከወደቀ ጠባቂ ይዘላል። ጠባቂ ወይ እኔ ነኝ ወይ ይበልጣል፤ ሌሎቹ ዋና አይሆንላቸውም።

ያው ቀን፣ ማታ 1፡00

እምቦጭ አረሙ ደርሷል። ባለፈው ሳምንት ከሩቅ መስመር ነበር፤ ዛሬ የኛን ቦታ ግማሹን ይዞታል። አረንጓዴ፣ አበባው ሐምራዊ። ማማሩ ነው የሚያናድደኝ። ሞተሩ ሦስት ጊዜ ታነቀ። ጋሽ ይማም ነገ የመጨረሻ ነው አሉ፤ ሰኞ ሞተራቸውን ይፈታሉ። እስከ መቼ? ትከሻቸውን ነቀነቁ። አምስት ቀን የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፣ ሁለት ቀን እኖራለሁ። አሁን ሁለቱም ሊሄዱብኝ ነው።

ሰብለ እስካሁን ቆማ አታውቅም። ብድግ፣ ዘጭ። ነገ ካልቆምኩ ስሜን ቀይሩት ትላለች።

እሁድ ጥቅምት 12፣ ከረፋዱ 4፡30፣ ጣና ዳር

ይበልጣል ዘግይቶ መጣ። ዛሬ ቀድሷል፤ ቆርቧል። ስለዚህ ውሃ አይገባም፤ ፊቱን እንኳ አይታጠብም። ጠባቂዋ አንቺ ሁኚ አለኝ። እኔ ደግሞ የሰብለን መቆም ከዳር ሆኜ በስልክ መቅረጽ አማረኝ። አንተ ቁጭ ብለህ ብቻ እይ፣ ማን እርጠብ አለህ አልኩት። ደስ አላለውም፤ እምቢ ማለት አያውቅም። ሰብለ ለመንሳፈፊያ ወገባችን ላይ የምናስረውን ባዶ ጀሪካን ሚዛኔን ያዛባል ብላ ወረወረችው። እየጠሩኝ ነው።

ሐሙስ ጥቅምት 16

ሰብለ ሞተች።

አራት ቀን ይቺን ቃል ልጽፍ ብዕር እያነሣሁ መልሼ አስቀምጣለሁ።

ቆማ ነበር። ደብተሬ፣ ቆመች፤ እስከ አሥር የሚያስቆጥር። ከዚያ ወደቀች። ጀልባው ወደ እሷ ዞረ፣ ሞተሩ እምቦጭ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ጋሽ ይማም ሞተሩ ላይ ተደፍተው በቢላ ይቆርጣሉ። እሷን ገመዱና የእምቦጩ ሥር እግሯ ላይ ተጠምጥመው ይዘዋታል። ይበልጣል ዘለለ። ዘገየ። ተሸክሟት ሲወጣ የነጠላው ጫፍ በአንገቱ ላይ ነበር። ደረቷን ተጫንን፣ ተጫንን። ወረታ ጤና ጣቢያ ስንደርስ ሐኪሙ ሰዓቱን ብቻ ጻፈ።

ሰኞ ቀበርናት።

እሁድ ጥቅምት 19

ልቅሶ ቤት። ጋሽ ይማም ለጠየቃቸው ሁሉ ያዩትን ይናገራሉ፤ ዲያቆኑ ተነሣ፣ ተመልሶ ተቀመጠ፣ ኋላ ነው የዘለለው። ለምን እንደተቀመጠ አያውቁም፤ ጆሯቸውም ልባቸውም ሞተሩ ላይ ነበር። ሰው በነገሩ ላይ የራሱን ጨመረበት። የሰብለ እናት እመይቴ ጥሩ፣ ያን ልጅ ከድንኳኑ አውጡልኝ አሉ። ይበልጣል ነጠላውን ሰብስቦ ወጣ። ማንም መንገድ አልለቀቀለትም፤ በሰው ጉልበት መሀል እየተሹለከለከ ነው የወጣው።

እኔንም ጠየቁኝ። ዳር ነበርኩ፣ በደንብ አላየሁም አልኩ።

ስልኩ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ከክር ማጠንጠኛዎቹ ሥር። አልከፍተውም።

ማክሰኞ ጥቅምት 28

ገበያው ሁሉ ስለ እሱ ያወራል። ከነፍስ ቁርባኑን አስበለጠ ይላሉ። እኔም ተናድጄበታለሁ፤ ለአንቺ ምን እደብቃለሁ። ደብሩ ቅጥር ሄድኩ። መቀደስ ትቷል፤ ማንም ሳይከለክለው ራሱ ነው የተወው። ከዋርካው ሥር ተቀምጧል፣ መጽሐፉ ተዘግቶ። ለምን ተቀመጥክ አልኩት። ፊቴን አየ።

«ፈራሁ።»

ጣና ላይ ተወልዶ! ልሄድ ስነሣ አንድ ነገር ጨመረ። የንስሐ አባቱ ነግረውታል፤ ነፍስ ለማዳን ከሆነ የቆረበም ቢገባ ነውር አይዶለም፣ ኃጢአትም አይዶለም ብለውታል። «ይኸን ያን ቀን ሁለታችንም አናውቅም ነበር» አለኝ። ሁለታችንም? እኔን ምን ጨመረኝ? እየጠላሁት ወጣሁ።

ረቡዕ ኅዳር 6

እጅጌ ገልብጬ ገጠምኩ። ፈታሁት። እንደገና ገልብጬ ገጠምኩ። እናቴ ወይ አግቢ ወይ ተመለሺ ትላለች፤ ወደ ዓረብ አገር ማለቷ ነው። ምንም አልፈልግም። መብላት አልፈልግም፣ ሰው አልፈልግም፣ ቅዳሜ እንዲመጣ አልፈልግም። ድሮ ከሰኞ ጀምሬ ነበር የምጠብቀው።

ትናንት ጣና ወረድኩ። ውሃ የለም፤ ዓይን እስከሚደርስ አረንጓዴ ነው። ከብቶች ይግጡታል። የት ቦታ እንደወደቀች መለየት አልቻልኩም። የጋሽ ይማም ጀልባ ተገልብጣ ዶሮ ተኝቶባታል። እሳቸው ሻይ ሊያዙልኝ ፈለጉ፤ እምቢ አልኩ። ሳንቃውን እዚያው ጥዬው ልመጣ ነበር። ይዤው ተመለስኩ፤ ሾፌሩ አልቀለደም።

ቅዳሜ ኅዳር 16

እመይቴ ጥሩ ልከውብኛል። ሰብለ እየሳቀች ቆማ ነበር ብዬ ነግሬያቸዋለሁና፣ መቆሟን አሳዪኝ አሉ። ልጃቸው ከዓረብ አገር ወዲህ ስትስቅ አይተዋት አያውቁም። ለአርባዋ አመጣለሁ አልኩ። መውደቋን ቆርጬ ላወጣ ስልኩን ከፈትኩ።

ያለውን ልጻፍ። ትቆማለች። ትስቃለች፤ እኔም እስቃለሁ። ትወድቃለች። ሞተሩ ዝም ይላል። ይበልጣል ወዲያው፣ ደብተሬ፣ ወዲያው ብድግ ይላል። ጫማው ወልቋል፣ አንድ እግሩ የጀልባው ጠርዝ ላይ ነው። ከዚያ ድምፅ ይመጣል፤ ቅርብ፣ ደስተኛ።

«ተው፣ ተው! ቁጭ በል! ቆርበሃል እኮ! ራሷ ትነሣለች።»

የኔ ድምፅ ነው።

ወደ እኔ ይዞራል። ይቀመጣል።

ከዚያ ሰብለ እጇን ታነሣለች። የሰላምታ መስሎኝ እኔም እጄን አነሣለሁ፤ ጥላዬ ሣሩ ላይ ይታያል። ሁለተኛ ስታነሣ ነው ይበልጣል የዘለለው። ስልኩ መሬት መሬት ያሳያል፤ እየሮጥኩ ነው።

ረስቼው ነበር ልበል? አልረሳሁትም ይሆናል። ለዚህ ነው መሳቢያውን ያልከፈትኩት። ለእሱ ያሰብኩ መስሎኝ ነበር፤ ቁርባኑን የጠበቅሁለት። ለአንቺም አልነገርኩሽም።

ረቡዕ ኅዳር 20

ነገ አርባዋ።

ይበልጣል ጋ ሄድኩ፤ አሳየሁት። እስከ መጨረሻው አላየውም። አጥፊው አለኝ። እንዳለው፣ እሱ ለማንኛውም አገር ለቆ ሌላ የቅኔ ቤት ሊገባ ነው፤ እኔ ግን እዚህ ከተማ፣ ከእናቴ ጋር፣ ከእመይቴ ጥሩ በሁለት በር ርቀት የምኖር ነኝ። አንድ ሰው ከተሸከመው ይበቃል አለ። ያለ ቁጣ ነው ያለው።

የተሰማኝን ልጻፍ፤ አንቺን ካልዋሸሁ። ደስ አለኝ። ትከሻዬ ቀለለኝ፣ ምግብ አማረኝ። ቤት ገብቼ ሦስት ጉርሻ በላሁ። አራተኛውን መሶቡ ላይ መለስኩት።

ሐሙስ ኅዳር 21፣ ከጧቱ 1፡10

አላጠፋሁም። አልቆረጥኩም።

የጽዮን ማርያም ነው፤ ደውል እየተደወለ ነው። ካህናቱ ለአርባዋ ከቅዳሴ በኋላ ይመጣሉ። ከሰው በፊት ብዬ መጣሁ። የእመይቴ ጥሩ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ። ይበልጣልንም ና ብዬዋለሁ፤ እንዲያ አታድርጊ ብሎ ለመነኝ፣ ግን መጥቷል። አጥሩ ውጭ ቆሟል፣ ፊቱን ወደ መንገድ አዙሮ።

መጀመሪያ መቆሟን ያያሉ። ሲያለቅሱ ስልኩን አልቀበላቸውም። ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። እዚህ ከተማ መኖሬንም አላውቅም።

በሩ ተከፈተ። «ስንዱ ነሽ? ግቢ እንጂ ልጄ፣ ምን ብርድ ላይ አስቀመጠሽ» አሉኝ።

አንድ ነገር ብቻ ፈራሁ፤ ጆሯቸው ትንሽ ይደክማል። ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍ አድርጌዋለሁ።