ከኔዘርኮም ጣቢያ የተባረሩት ተሳፋሪዎች

ውድ አጎቴ ኦልባን፣

ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? የባሕሩ ነፋስ ግትርነትዎን ካላለዘበው፣ ሌላ መድኃኒት የለውም ማለት ነው። ፊደሌ ቢንጋደድ አይቆጡ፤ ከትምህርት ቤት ጋር የተለያየነው በሁለታችንም ደስታ ነው።

አንድ ጉድ ልንገርዎ። የባቡር መሥሪያ ቤቱ «ይህ ጣቢያ አለቃ አያስፈልገውም» ብሎ ካሰናበተዎት ወዲህ፣ አበቦችዎን የምናጠጣው እኔና የሐዲድ ማቋረጫው በር ጠባቂ ወይዘሮ ጋድ ነን። የጣቢያዎች የአበባ ውድድር ዳኛ በየበጋው ሳይነግር በባቡር ከች እንደሚል መቼም ያውቁታል። ባለፈው የገበያ ቀን ከታችኛው ጣቢያ ተደወለልን፦ «ክብ ባርኔጣ ያደረገ ሰው በየጣቢያው እየወረደ ዙሪያውን እያየ ይጽፋል፤ ወደ እናንተ እየመጣ ነው።»

«ዳኛው ነው!» አለች ወይዘሮ ጋድ። «ሄቲ፣ ይሄን ሁሉ ባለ ጭቃ ጫማ ሰው ከዚህ አጥፊልኝ!»

መጠበቂያው ሰው በሰው ነበር። ዶሮ ሻጩ ሽማግሌ ቶቢ «ዶሮዎቼስ?» አለኝ።

«እነሱማ ካንተ ቀድመው ይውጡ! እነሱ ናቸው የሚያቆሽሹት» አልሁት።

ተሳፋሪዎቹን ሁሉ ኮረብታውን ተሻግረው ከላይኛው ጣቢያ እንዲሳፈሩ ሰደድናቸው። ቶቢን ያውቁታል፤ ለቀብር እንኳ በነፃ አይራመድም። እሱ ቅርጫቱን ተሸክሞ «ለኦልባን አበባ ከሆነ እሺ» ብሎ ሄደ።

ሰውዬው ወረደ። ሻይ ቀዳን፣ ኬክ ቆረስን።

«ተሳፋሪዎቹ የት አሉ?» አለ።

ወይዘሮ ጋድ ደረቷን ነፋች፦ «አንድም የለም ጌታዬ! እንዲህ ያለ ጣቢያ አይተው ያውቃሉ?»

«አላውቅም እመቤቴ። መሥሪያ ቤቱ ሊዘጋቸው ያሰባቸውን ጣቢያዎች ሁሉ ዞሬአለሁ፤ እንዲህ ጭር ያለ ግን አልገጠመኝም።»

መጀመሪያ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ወይዘሮ ጋድ እርስዎ በሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ማልቀስ ስትጀምር ግን ሳቄ ጠፋ። ለሰውዬው ሁሉንም ነገርነው። ኬኩን አኝኮ ዋጠና «የምጽፈው ያየሁትን ነው» አለ። ቀጥሎም እንዲህ አለ፦ «ቅዳሜ በጠዋቱ ባቡር እመለሳለሁ፤ ያን ቀን የማየውንም እጽፋለሁ።»

እንግዲህ ቅዳሜ መንደሩ በሙሉ ይወጣል፤ ቶቢም ከነዶሮዎቹ። ያገኘኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ «ኦልባን ይመጣል?» እያለ ነው። «ይመጣል» ብያለሁ። ውሸታም አያድርጉኝ፤ ያለኝ ስም ይበቃኛል።

«ያቺን ጣቢያ ሁለተኛ እግሬ አይረግጣትም» ብለው መማልዎን አልረሳሁም። ምርኩዝዎ ግን አልማለም፤ እሱ ቀድሞ ይርገጥ፣ እግርዎ ይከተለው።

አሁን ደግሞ ያለ ቀልድ። ባለፈው የቆየ ባርኔጣዎን ለፍየላችን አደረግሁላት፤ አማረባት። ሰው ሁሉ ሳቀ። «አንቺ ሰይጣን!» ብሎ እስከ ድልድዩ የሚያሳድደኝ ግን አልነበረም። የሚቆጣ ሰው በሌለበት ቀልድም አይጥምም፣ አጎቴ። ባርኔጣውን አጥቤ ከጣቢያው ሰዓት ሥር ሰቅየዋለሁ።

ባቡሩ እዚህ የሚቆመው ነጂው የተነሣ እጅ ሲያይ ብቻ መሆኑን እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ። ቅዳሜ ከመጠበቂያው ጫፍ ቆሜ እጄን አነሣለሁ። እርስዎ እስኪወርዱ ድረስ አላወርደውም፤ ነጂው የፈለገውን ያህል ይሳደብ።

ፍየሏም እጅ ትነሣለች፣
የእህትዎ ልጅ ሄቲ