«ፍርሃት አይደለም፤ ቆጥሬዋለሁ»፦ የወይዘሮ ሚትሱኤ ኡራሃማ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ሚትሱኤ ኡራሃማ፣ በክርስትና ስማቸው ሉቺያ፣ ከአባታቸው ከአቶ ቶኩጂ ኢዋሳኪ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኪኖ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 4 ቀን 1938 በጎቶ ደሴቶች፣ ይህ ቤተ ክርስቲያን በሚገኝበት መንደር ተወለዱ። ለወላጆቻቸው አምስተኛ ልጅ ነበሩ።

ትምህርታቸውን እዚሁ ደሴቲቱ ላይ ከተከታተሉ በኋላ በ1956 ወደ ናጋሳኪ ከተማ ተሻግረው በላቦራቶሪ ሙያ ሠለጠኑ፤ በአንድ ሆስፒታልም ደም በማይክሮስኮፕ የሚቆጥሩ ባለሙያ ሆነው ተቀጠሩ። በ1962 የመንደራቸውን ልጅ፣ ጀልባ ሠሪውን አቶ ታትሱኦ ኡራሃማን አግብተው ወደ ደሴቲቱ ተመለሱ። ከሁለት ዓመት በኋላም አንድያ ልጃቸውን ሳዮን ወለዱ።

በ1974 የአቶ ታትሱኦ ኩላሊት ሥራውን አቆመ። ደሴቲቱ ላይ የደም እጥበት ማሽን ስላልነበረ ቤታቸውን ዘግተው ናጋሳኪ ገቡ። እጥበቱ በሳምንት ሦስት ቀን ስለነበር አቶ ታትሱኦ ዳግመኛ ወደ አገራቸው መሻገር አልቻሉም። እጥበት በሌለባቸው ቀናት ወደብ ወርደው ከጎቶ የመጣውን ሰው ሁሉ እያስቆሙ «ባሕሩ እንዴት ሰነበተ? የእኔን ጎጆ ጣሪያ ነፋስ አልወሰደውም?» እያሉ ይጠይቁ ነበር።

ሌላም ችግር ነበረባቸው። ማሽኑ በተከፈተ በሩብ ሰዓት ውስጥ ደረታቸውን ያፍናቸዋል። ነርሶቹ ፍርሃት ነው አሏቸው። ባለቤታቸውም ይህንኑ ደገሙላቸው፤ «መርፌውን ስለምታስበው ነው፣ ታትሱኦ። እስቲ ሌላ ነገር አስብ» አሏቸው። አቶ ታትሱኦ «ማዕበል ያልፈራሁ ሰው መርፌ እፈራለሁ?» ብለው መለሱ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን ስለ ሕመማቸው መናገር ተዉ። እየታፈኑ ዝም አሉ። አክስቴ ወይዘሮ ሚትሱኤ እስከ ዕለተ ሞታቸው ያልረሱት ያንን ዝምታ ነበር።

በ1976 አክስቴ፣ ባለቤታቸው በሚታከሙበት በዚያው ሆስፒታል፣ ወደ ቀድሞ ሥራቸው ተመለሱ። አንድ ቀን ባለቤታቸውን ሊጠይቁ ወደ እጥበቱ ክፍል ሲገቡ ከንፈራቸው ጠቁሮ አገኟቸው። ያን ጊዜ ነርሷን አስፈቅደው ጥቂት ደም ወሰዱ፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ደግሞ ማሽኑ ከመከፈቱ በፊት፣ በሩብ ሰዓት እና በአንድ ሰዓት እየወሰዱ ቆጠሩ። ስድስት ሺህ አራት መቶ የነበረው ነጭ የደም ሴል በሩብ ሰዓት ወደ አንድ ሺህ አንድ መቶ ወረደ፤ በአንድ ሰዓት ተመልሶ ስድስት ሺህ ደረሰ።

ወረቀቱን ለክፍሉ ኃላፊ ለዶክተር ሂራይዴ አሳዩአቸው። ዶክተሩ «ወይዘሮ ሚትሱኤ፣ ከሥራ ርቀው ስለቆዩ ዓይንዎ ደክሞ ይሆናል» አሏቸው። አክስቴም ከማይክሮስኮፑ ፊት ካለው ወንበር ተነሥተው «እንግዲያው እርስዎ ይቁጠሩት» አሉ። ዶክተር ሂራይዴ ተቀምጠው ሁለት ጊዜ ቆጠሩ። ቀና ሲሉ የጠየቁት «ሴሎቹ የት ሄዱ?» ብለው ብቻ ነበር።

መልሱን አብረው ፈለጉት። በሌላ አገር ያሉ ሐኪሞችም ይህንኑ አይተው መጻፋቸውን ደረሱበት። ደሙ በማሽኑ ውስጥ የሚያልፍበት የዚያ ዘመን ማጣሪያ ከጥጥ የሚሠራ ስስ ነገር ነበር። ደሙ ሲነካው እንደ ባዕድ ይቆጥረዋል፤ ነጮቹ ሴሎች ይቆጡና እርስ በርስ ተጣብቀው በሳንባ ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ይወሸቃሉ፤ አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው ደግሞ ይለቃሉ። አክስቴ የአሥራ አንድ ታካሚዎችን ደም ቆጠሩ፤ የሁሉም እንዲሁ ነበር። ከዚያ በየአልጋው እየዞሩ ለእያንዳንዳቸው «ፍርሃት አይደለም፤ ቆጥሬዋለሁ» አሏቸው። የመጨረሻው አልጋ የባለቤታቸው ነበር። እዚያ ሲደርሱ አቶ ታትሱኦ ቀድመው «ሰማሁሽ እኮ» አሏቸው።

በ1979 ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ሌላ ማጣሪያ ለሙከራ መጣ። የአቶ ታትሱኦ ነጭ ሴል በሩብ ሰዓት አምስት ሺህ ሁለት መቶ ሆኖ ተገኘ። እሳቸው እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር፤ ሲነቁ «ገና አልጀመራችሁም እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

ሆኖም ደሴቲቱ አሁንም ማሽን አልነበራትም። አቶ ታትሱኦ በፌብሩዋሪ 1985 ጎቶን ዳግመኛ ሳያዩ ዐረፉ፤ አስከሬናቸው ግን ተሳፋሪዎቿን የባሕሩን ወሬ ይጠይቁ በነበረችው በዚያችው የጎቶ መርከብ ወደ አገራቸው ገባ። ከቀብሩ ማግሥት አክስቴ ለደሴቲቱ ማሽን እንዲገባ የመንደሩን ሰው ፊርማ ማሰባሰብ ጀመሩ። ስድስት ዓመት ፈጀባቸው። በ1991 በደሴቲቱ ክሊኒክ ሁለት ማሽኖች ሲተከሉ ከተማውን ለቀው መጡና እስከ 2004 አገለገሉ። አዲስ ታካሚ ደረቴን አመመኝ ባለ ቁጥር ከማንም ቀድመው ደም የሚወስዱት እሳቸው ነበሩ። የማሽኖቹ አልጋዎች በመስኮቱ በኩል ወደ ባሕሩ እንዲዞሩ ያስደረጉትም እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ባዶውን አልጋ ሲያነጥፉ «አንድ ጊዜ ብቻ እዚህ ተኝቶ ቢያየው» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ።

ወይዘሮ ሚትሱኤ በሳንባ ምች ታምመው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ሰኞ ኖቬምበር 19 ቀን 2018 በተወለዱ በሰማንያ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ልጃቸውን ወይዘሮ ሳዮን፣ ሁለት የልጅ ልጆችንና ይህን የጻፍኩትን የወንድማቸውን ልጅ ትተው አልፈዋል።

ቀብራቸው ትናንት ረቡዕ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ረቡዕ ግን የእጥበት ቀን ነው። ስለዚህ ለዛሬ ሐሙስ አቆየነው፤ ዘጠኙም የደሴቲቱ ታካሚዎች ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

እግዚአብሔር የእህታችንን የሉቺያን ነፍስ በብርሃን አገር ያሳርፍ፤ ከናፈቋቸውም ጋር ያገናኛቸው። አሜን።