ኑግ ኑግ የሚሸት ፍሬን

ወረታ፣ ጥቅምት 19 ቀን 1955 ዓ.ም.

ትናንት ፍሬን ስይዝ መኪናው በድንገት ወደ ግራ ጎተተኝና የአንድ ገበሬ የእርሻ በሬ ገደልኩ። ተሳፋሪው ሁሉ በቀጥቃጩ በአየለ አሳበበ። የተሰበረውን የመሪ ዘንግ በቀደም አግሎ የቀጠለው እሱ ነው። «ቡዳ የነካው ብረት መች ቀና ይሄዳል» ይላሉ።

ዛሬ ጠዋት የመኪናውን ፊት በክሪክ አንሥቼ መሪውን ግራ ቀኝ ወዘወዝኩት። የአየለ ሥራ ንቅንቅ አላለም። የቀኙ ጎማ በእጄ ሳሽከረክረው እንደ ልቡ ዞረ፤ የግራውን ግን ፍሬኑ አልለቅም ብሎታል። ፈትቼ ሳየው በውስጡ ዘይቱ እንዳይፈስ የምትዘጋው ትንሿ የጎማ ክዳን አብጣለች። ዘይቱን አሸተትኩት። ኑግ ነው፤ የምግብ ዘይት ደግሞ ጎማ ያሳብጣል።

ባለመኪናውን አቶ ደምሴን ጠየቅኋቸው።

«የፍሬን ዘይት ቢያልቅ ከጎንደር እስኪመጣ ብዬ ኑግ ጨመርኩበት። ዘይት ዘይት ነው» አሉኝ።

«እንግዲያው አየለ እጁ እንደሌለበት ለሰዉ ልንገር?»

«ዝም በል። ከዚያ ወዲያ በኔ መኪና ማን ይሳፈራል?»

ለማንም ሳልናገር ወደ መኪናው ተመለስኩ። ከሰዓት በኋላ ቄሱ መጥተው መኪናውን ጸበል ረጩት። አየለ ወናፉን በአህያ ጭኖ፣ ሚስቱንና ልጆቹን አስከትሎ ወደ አንበሳሜ ሄደ አሉ።

ያበጠችውን ጎማ አጥቤ መልሼ ገጠምኳት፤ ሌላ የለም። ነገ ወደ ጣራ ገዳም እነዳለሁ። ትናንት በእግራችን ይሻለናል ብለው የወረዱት ሴቶች፣ ጸበል ነክቶታልና ነገ ልጆቻቸውን ይዘው ይሳፈራሉ።