አርባ አንድ ኪሎ

ጥቅምት 4
ጀልባዋ ዛሬ ከወልቂጤ በአይሱዙ መጣች። ቡታጅራ የዓሣ ልማት ቢሮአችን ግቢ ውስጥ አወረድናት። ካያክ ነው ስሟ፣ ጠባብ የአንድ ሰው ጀልባ። ቢጫ። ታምራለች፣ እውነቱን ለመናገር። የሠራት ፊልጶስ የሚባል ወልቂጤ ውስጥ የውኃ ታንከር የሚሠራ ሰው ነው። ኢንተርኔት ላይ አይቼ የራሴን ጨመርኩበት አለኝ። የጨመረውን አየሁት… ከመቀመጫው ጎን የስልክ ማስቀመጫ። ዓሣ የሚቀመጥበት ቦታ ግን የለም። የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ እኮ ነው የተባለው።
አለቃዬ አቶ ገዛኸኝ የግምገማ ቅጹን ሰጠኝ። ቅርጽ፣ ክብደት፣ አነዳድ። እኔ ከፈረምኩ በእንሴኖ በኩል ላለው ግድብ አስጋሪዎች አሥራ ሁለት ይታዘዛል። ከሳምንት እንዳታሳልፊው አለኝ። ገና ውኃ ሳትነካ።

ጥቅምት 6
መዘንናት። እህል ነጋዴ ሚዛን ላይ፣ ሰው ከብቦን እየሳቀ። አርባ አንድ ኪሎ። ፊልጶስ ወረቀቱ ላይ የጻፈው ሃያ ስምንት። ደወልኩለት። እንድትጠነክር ብዬ ፋይበሩን ደራረብኩት አለ። ታዲያ ሃያ ስምንት ለምን ጻፍክ? እሱ ደግሞ፣ ቀለሙን ወደድሽው ወይ አለኝ።

ጥቅምት 8
ግድቡ ጋ ዋልን። የሞከረችልን ሳሌሃ ናት፣ በግድቡ አስጋሪዎች ማኅበር ካሉት ብቸኛዋ ሴት። ዝዋይ ሐይቅ ዳር አድጋ እዚህ ያገባች። እስካሁን የምትሠራው በተነፋ የመኪና ከመነዳሪ ላይ ጣውላ አስራ ነው። ከሁላችንም በላይ ውኃ ታውቃለች።
መጀመሪያ የጠየቀችው፣ ብቻዬን እንዴት ነው የምሸከማት የሚል ነው። ዳር ላይ ከተተወች ትሰረቃለች፤ ቤቷ የግማሽ ሰዓት መንገድ። ቅጹን ገለጥኩ፤ ስለ መሸከም አይጠይቅም።
ውኃው ላይ ቀጥ ብላ ስትሄድ ትፈጥናለች። ለመዞር ግን ግማሽ ግድብ ትፈልጋለች። ከዚያ ሳሌሃ መረቧን ልትስብ ወደ ጎን ዘንበል አለች… በቃ። ተገለበጠች። መረቡ እግሯ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። ምን ያህል ጊዜ ከውኃ በታች ቆየች? ለእኔ ረጅም ነው። ሁለት አስጋሪዎች ዘለው ገቡ።
አወጧት። እያሳላት ውኃ ተፋች። ከዚያ ቁጭ ብላ መረቧን ትፈታ ጀመር። "ተቀደደ" አለች።

ጥቅምት 9
አቶ ገዛኸኝ ሁሉን ሰምቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? አቀማመጡን ስላላወቀችበት ነው፣ "ስልጠና ያስፈልጋል" ብለሽ ጻፊ። ስልጠና… ሴትዮዋ ከልጅነቷ ጀምሮ ውኃ ላይ የኖረች ናት። መቀመጫው ከፍ ብሏል፣ የጀልባዋ ሆድ ጠባብና ክብ ነው፣ ትንሽ ዘንበል ካሉባት አትመለስም አልኩት። የርክክቡ ባነር ታትሟል አለኝ። ለባነር ሲባል ሰው ይስጠም?
አልፈረምኩም።

ጥቅምት 11
ዛሬም አልፈረምኩም። አቶ ገዛኸኝ ሰላምታውን አቁሟል።

ጥቅምት 14
ፊልጶስ ትናንት በስልክ ጮኸብኝ። ሥራዬን ልትገድይብኝ ነው፣ ቢሮ ተቀምጠሽ ነገር ትፈልጊያለሽ አለ። ና፣ ራስህ ተቀመጥባት አልኩት። ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።
ዛሬ ግድቡ ጋ መጣ። የተወለወለ ጫማ አድርጎ፣ ፊቱን አጥቁሮ። ለሳሌሃ ሰላምታ እንኳን በግድ ነው የሰጠው። ዋና አይችልም፤ ውኃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ጃኬት እኔ አሰርኩለት። ዳር ዳሩን ቀዘፈ። ይኸው አለ፣ ምን ሆነች? ሳሌሃ በእርጋታ መረቡን ያዝና ሳብ አለችው። ሳበ፣ ተገለበጠ።
ጃኬቱ ባይኖር ዛሬ ሌላ ነገር ነበር የምጽፈው። ሳሌሃ ናት ገብታ የጎተተችው። ሣሩ ላይ ተቀመጠ፣ ከጫማው ውኃ እየፈሰሰ። ወደ ሳሌሃ ቀና ብሎ፣
"አንቺም እንደዚህ ነው የወደቅሽው?" አላት።
"እኔ እግሬ ታስሮ ነበር" አለችው።

ጥቅምት 22
ፊልጶስ ደወለ። ጀልባዋ የምትወጣበትን ሞልድ በመዶሻ ሰባብሮታል። የሦስት ወር ሥራው ነው። አሥራ ሁለቱንም አልሠራም ብሎ ለቢሮው ደብዳቤ ጽፏል።
አቶ ገዛኸኝ እኔ ያሳመፅኩት መሰለው። "ረድኤት፣ አንቺ ነሽ" ብሎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ። በስምንት ዓመት የመጀመሪያዬ። ሥራ ማደናቀፍ ይላል። በየትኛው ነው የተናደድኩት፣ በማስጠንቀቂያው ወይስ ቃሉን ሳየው በማልቀሴ?

ኅዳር 19
ፊልጶስ ሌት ተቀን ደክሞ የሠራት አዲሷ ጀልባ መጣች። ነጭ፣ ሰፊ፣ እንደ ገበታ ጠፍጣፋ። አታምርም። ሃያ ዘጠኝ ኪሎ፣ ራሴ ቆሜ አስመዘንኩ። ሳሌሃ ከመንገዱ እስከ ውኃው ብቻዋን በትከሻዋ ወሰደቻት።
መቀመጫው ሥር ውኃ ይጠራቀማል። ባዶ ስትሆን ትንሽ ወደ ግራ ታዘነብላለች። ጻፍኩት። ፊልጶስ በእያንዳንዷ መስመር ተከራከረኝ፤ አንገሸገሸኝ። ደግሞ ግማሹን እውነቱን ነው።
ሳሌሃ መሐል ደርሳ መረቧን ሳበች። ዘንበል… ፊልጶስ ክንዴን ያዘ። ዘንበል… ተመለሰች። ደግማ ሳበች፣ አሁንም ተመለሰች።
ማስጠንቀቂያው ፋይሌ ውስጥ ነው፣ ማንም አላነሳልኝም። ቅጹን መኪናው ላይ አስደግፌ፣ ጉድለቷን ሁሉ ዘርዝሬ ፈረምኩ። ከዚያ ሙከራው አልቋል፣ ነይ ብለን ተጣራን።
"ለእናንተ ነው ያለቀው" አለች ከወዲያ። ዓሣ እያወጣች ነበር።