የኦቦ ቶሎሳ ሽንኩርት

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ዛሬ ኦቦ ቶሎሳ ከመቂ መጡ። አክስቴ ሰላም የሰዎችን ገንዘብና ንብረት የማስተዳደር ሥራዋን ወደ መቂ የምታሰፋው በእሳቸው በኩል ነው። በግላቸው የገንዘብ አማካሪ ናቸው፤ የመቂ ነጋዴ እሳቸውን ሳያማክር ብሩን አያንቀሳቅስም። ዛሬ የአጋርነት ውሉን ሊፈርሙ ነበር። ግን አንድ ጆንያ ሽንኩርት ይዘው ገቡ።

“ይቅርታ ኦቦ፣ ከአጋር ስጦታ አንቀበልም። የቢሮው ደንብ ነው” አለች አክስቴ።

“ሽንኩርት እኮ ነው!” ብለው ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። እሳቸውም “እንግዲያው አስቤበት እመለሳለሁ” ብለው ሳይፈርሙ ተነሱ።

ቢሮው ውስጥ የምላላከው እኔ ስለሆንኩ ጆንያውን በአንድ በኩል ይዤላቸው ደረጃውን ወረድን። በሩ ላይ “እናትሽ ቢሮ አይደለችም አይደል? ለእሷ ውሰጂላት” አሉኝ። እምቢ ለማለት አፈርኩ።

ማታ አክስቴ እኛ ቤት እራት በላች። ሥራው እንዴት እንደተበላሸባት ለእማዬ እያወራች ወጡን ደጋግማ አጠቀሰች።

“ምን አድርገሽበት ነው እንዲህ የጣፈጠው?”

እማዬ አየችኝ።

“የኦቦ ቶሎሳ ሽንኩርት ነው” አልኩ።

የአክስቴ እጅ ትሪው ላይ ቆመ። “እንግዲህ በልተነዋል” አለችና መብላቷን ቀጠለች። “ነገ መቂ አብረሽኝ ትሄጃለሽ። እቤታቸው ገብተን ይቅርታ እንጠይቃለን።”

አሁን የጨነቀኝ ሌላ ነው። ሰው ቤት ባዶ እጅ አይገባም። ደንቡ ደግሞ ለአጋር ስጦታ መስጠትንም ይከለክላል።