ሦስት ትምህርት ቤት፣ አንድ ጭነት ዴስክ

ሰኞ፣ የካቲት 9። ጠዋት 3፡00፣ ቢሮ

ከምኖርበት ከኪዋቱሌ ሰፈር እዚህ ድረስ በቦዳ፣ በሞተር ታክሲ፣ አቧራ ስቅም መጣሁ። ሻይ ሳልቀምስ ፎቶ መምረጥ። ባለፈው ሳምንት ያየኋቸው ሦስት የመንግሥት ት/ቤቶች፣ ድንበር ዳር ያሉት። ሪፖርታቸው ዓርብ ዴስክ ለሚገዛላቸው ለእርዳታ ድርጅታችን ቦርድ ሄዷል። የመቀመጫ ችግር ተቃልሏል ብያለሁ፣ በኩራት።

በመጀመሪያው ት/ቤት ፎቶ ላይ አንድ ጠርዙ የተሰነጠቀ ዴስክ አለ፤ በሰማያዊ ቀለም ዓሣ ተስሎበታል። በሁለተኛውም አለ። በሦስተኛውም! ያው ዓሣ፣ ያው ስንጥቅ። ደብተሬ፣ ሦስቱን ፎቶ ጎን ለጎን ደረደርኳቸው።

ከሰዓት 9፡30

ማዳም ሮዝ ጋ ደወልኩ። የሦስተኛው ት/ቤት ር/መምህርት ናት። መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ አፈረጠችው። እንግዳ ሲመጣ ወረዳው፣ ችግሩን ፈታሁ ለማለት፣ አንድ የጭነት መኪና ዴስክ ከት/ቤት ት/ቤት ያዞራል። እኛ ምሳ ስንበላ ተጭኖ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ለካ ምሳው አላልቅ የሚለው ለዚህ ነው! ማቶኬ የሚሉት የተቀቀለ ሙዝ፣ ዶሮ፣ ንግግር፣ ጸሎት፣ ደግሞ ንግግር። እኔም ዶሮውን አስደግሜ በላሁ። ጅላጅል!

መምጣታችንን ማን ነገራቸው? እኔው ነኛ። ሁሌም ሦስት ቀን ቀድሜ እደውላለሁ፣ ሳይናገሩ ሰው ደጅ መድረስ ነውር ነው ብዬ። ኤጭ! በገዛ ጨዋነቴ ተሞኘሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 11። 5፡00

ለጋሽ ሙሉጌታ ነገርኩ፤ ለአለቃዬ። በሩን ዘጉ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው አሉኝ፤ ሪፖርቱ ሄዷል፣ ቦርዱ ተደስቷል፣ ወረዳውን አናስቀይምም። በዚያ ላይ ዓርብ ቦርዱ ተሰብስቦ የእነዚህን ት/ቤቶች የዴስክ ጥያቄ ይሰርዛል። ምክንያቱ? የእኔ ሪፖርት። ልጆቹ ዘንድሮም መሬት ላይ ናቸው ማለት ነው።

"አንቺ ልጅ፣ አገር አስተካክዪ ብለን ነው የቀጠርንሽ?" አሉ። በዚህ በሰው አገር የሥራ ፈቃዴ የሚታደሰው በእሳቸው ፊርማ መሆኑንም አስታወሱኝ። እየሳቁ። ያ ሳቅ! እጄን ሁለቴ ታጠብኩ።

ሐሙስ፣ የካቲት 12። 8፡00፣ ማዳም ሮዝ ት/ቤት

ታምሜያለሁ ብዬ በሌሊቱ አውቶቡስ መጣሁ። ዛሬ ለማንም አልደወልኩም።

ክፍሉ ባዶ ሲሚንቶ። ሰማንያ የሚሆኑ ልጆች፣ ደብተራቸው ጉልበታቸው ላይ። አንዷ በሆዷ ተኝታ ትጽፋለች። በሩ ላይ ሲያዩኝ ሁሉም ብድግ አሉ፣ ደብተራቸውን ሰበሰቡ፣ ወደ ግድግዳው ተጠጉ። ለሰላምታ መስሎኝ ነበር። ለካስ እንግዳ ካለ ዴስክ ይመጣል፤ ቦታ መልቀቃቸው ነው! ማንም አላዘዛቸውም፣ ለምደውታል። ቢጠሉኝ ይሻለኝ ነበር። አልጠሉኝም፣ ፈገግ ብለው ነው የሚጠብቁት።

ማዳም ሮዝ ቾኳን አስቀመጠች። ትባረር ይሆናል፣ ታውቃለች። ፎቶ አንሺ አለችኝ፣ እኔንም ጨምረሽ።

ዓርብ፣ የካቲት 13። ጠዋት 3፡40፣ ቢሮ

ስብሰባው 4፡00 ላይ ነው። ለቦርዱ አባላት በሙሉ በቀጥታ ጻፍኩ፦ የባለፈው ሪፖርት ሐሰት ነው፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ት/ቤቶቹ ዴስክ የላቸውም። የትናንቱን ፎቶ አያያዝኩ። ስሜን ከነአባቴ ስም ጻፍኩ።

ላክሁት።

ጋሽ ሙሉጌታ ስሜን እየጠሩ በኮሪደሩ ይመጣሉ። ዕቃዬን ሰብስቤ ጨርሻለሁ። ይምጡ።