ሐያት በአንድ መስመር የሠራችው

ሐሙስ፣ የካቲት 16 ቀን 2009 ዓ.ም.
መካነ ሰላም

ለኮሌጃችን የተማሪዎች መመዝገቢያ ፕሮግራም ሦስት ሳምንት ሙሉ በጃቫ የፕሮግራም ቋንቋ ቢልደር ክላስ የሚባሉ የኮድ ክፍሎችን በእጄ ስጽፍ ከረምኩ። የተማሪውን ስም፣ ወረዳና የትምህርት ክፍል ተራ በተራ እየተቀበለ መዝገቡን የሚያዋቅር ኮድ ነው። ዛሬ አዲሷ ባልደረባዬ ሐያት ያንን ሁሉ አጠፋችና ከክላሱ አናት ላይ በ@ የምትጀምር አንዲት ቃል፣ ኮምፒውተሩ ኮዱን ራሱ እንዲጽፍ የምታዝ አኖቴሽን፣ ጻፈች። ኮዱ በራሱ ተፈጠረ፤ ሠራም። ኃላፊያችን አቶ ይመር «ማሻ አላህ! አንቺ ልጅ!» አሉ። ለእኔ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ብለውኝ አያውቁም።

ውስጤ ተቃጠለ። «ኢንተርኔት ሲቋረጥ አይሠራም» አልኳቸው። ውሸቴን ነው፤ ኮዱ የሚፈጠረው እዚሁ ኮምፒውተሩ ላይ ነው። እሳቸው ግን አመኑኝ። «እንግዲያው እንደ ድሮው ይሁን» ብለው ወጡ።

ሐያት ወደ እኔ ዞር ብላ «ጋሼ፣ እንደዚያ እንዳልሆነ ያውቃሉ አይደል?» አለችኝ። መልሴን ሳትጠብቅ ያጠፋችውን ኮድ መስመር በመስመር በእጇ መጻፍ ጀመረች። አፈርኩ። ይቅርታ ልጠይቃት ብዬ ቀረብኩ። ጣቶቿ ከእኔ ጣቶች እንዴት እንደሚፈጥኑ ሳይ ግን ይቅርታውን ሳልጠይቅ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ…